በአዋሳ የሐዘንተኛ ቦታ የጠበቅሁ ዕለት

ድንኳኑን አይቼ በገዛ እግሬ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልገፋኝም። ሰው ተሳስቶ የጎረቤት በር ያንኳኳል፣ ተሳስቶ የሌላ ሰው ኮት ለብሶ ይወጣል። እኔ ግን ጢሜን ተላጭቼ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጥቁር ኮቴን ደርቤ፣ የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ እንደ ክብር እንግዳ ሰተት ብዬ ገባሁ። ያውም ንግግር ይዤ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ከተማዋ ሐዋሳ፣ ያኔ አዋሳ የምንላት። ከየከተማው የተውጣጡ የሴቶች እግር ኳስ ቡድኖች እዚያ ሊጋጠሙ ተጠርተው እኛም ከናዝሬት ሄድን። "እኛ" ስል ኳስ ተጫዋች እንዳልመስላችሁ፤ እኔ ኳስ ብመታ የምትጎዳው ኳሷ ሳትሆን እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጄ ግን የናዝሬት በረኛ ነበረች። እናቷ "ያለ አባቷ ሰው አገር አታድርም" ብላ ስለቆረጠች፣ የቡድኑም ሰዎች "የተቀደደ ቁምጣ የሚጠቅም ሰው አይጠላም" ስላሉ፣ መርፌዬንና የስፌት ክሬን ይዤ አጃቢ ሆንኩ።

ልንነሣ ስንል የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለብቻዬ ጠራኝ።

"አዋሳ ስታዲየሙ አጠገብ የእንግዳ መቀበያ ድንኳን ተተክሏል። ምሳም አለ። በወላጆች ስም አንተ ሁለት ቃል ትናገራለህ" አለኝ።

ሁለት ቃል ብሎ ነገር! እኔ ለደንበኛ "ሐሙስ ይደርሳል" ለማለት እንኳ መግቢያና መደምደሚያ የማበጅ ሰው ነኝ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ንግግሬን በልቤ ስሰፋ፣ ስፈታ፣ ደግሜ ስሰፋ ሄድኩ። ልጄ ከፊቴ ካለው ወንበር ዞር እያለች ታየኛለች።

"አባዬ፣ ከንፈርህ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። አመመህ እንዴ?"

"ጸሎት ነው።"

"ለእኔ ከሆነ፣ ስለዚያች ልጅ ግራ እግር ጸልይልኝ።"

ያቺ ልጅ ማለት የአዋሳ አጥቂ ናት። ዓምና ናዝሬት መጥታ በግራ እግሯ ልጄን አስለቅሳ የሄደች። መንገዱን ሙሉ ወሬያቸው እሷ ነበረች። የመጀመሪያው ጨዋታችን የዚያኑ ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ከአዋሳ ጋር ነው፤ የተሸነፈ በማግስቱ ጓዙን ሸክፎ ወደ መጣበት ይመለሳል።

መናኸሪያ እንደወረድን ልጆቹ ወደሚያርፉበት ትምህርት ቤት ሄዱ። እኔ "ንግግር የሚያደርግ ሰው ጢሙን አንጨፍርሮ አይቆምም" ብዬ ፀጉር አስተካካይ ቤት ገባሁ። ተላጭቼ፣ መንገድ ጠይቄ፣ በፒያሳ በኩል አድርጌ ወደ ስታዲየሙ አቀናሁ። ታዲያ ልደርስ ስል ከሐይቁ በኩል አንድ ነፋስ ተነሣና የመንገዱን አቧራ አፍሶ ዓይኔ ውስጥ ጨመረው። ሁለቱም ዓይኔ እንባ በእንባ ሆነ። በመሐረብ እየጠራረግሁ በእንባዬ መካከል ሳይ፣ ትልቅ ድንኳን ተተክሏል፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሰው ግጥም ብሎ ተቀምጧል። ዛፉ ላይ እነዚያ ትልልቅ የሐይቁ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ቀብረው ተደርድረዋል። "አይ አዋሳ፣ እንግዳ አክባሪ!" አልኩ በልቤ።

ስገባ ወንዶቹ ሁሉ ብድግ አሉ። ለእኔ ሰው ብድግ የሚለው ወገቡን ልለካው ስል ብቻ ነው። ይኼን ያህል ክብር ያልለመደ ልቤ ተነካ መሰለኝ፣ እንባዬ ባሰበት። አንገቴን ሰበር አድርጌ እጅ ነሣሁ። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው ወደ ፊት አሳለፉኝ።

"ከሩቅ ነው የመጡት?"

"ከሩቅ ነው።"

"አይዞዎት እንግዲህ፣ አይዞዎት" አሉኝ።

ስለ ንግግሩ የሚያበረታቱኝ መስሎኝ "አይ ግድ የለም፣ ተዘጋጅቼበታለሁ" አልኳቸው። ሽማግሌው ትንሽ አየት አደረጉኝ።

መሐል ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "የተከበራችሁ የአዋሳ ሕዝብ" ልል አፌን ስከፍት፣ ከቤቱ በኩል ጥቁር የለበሱ ሴትዮ እየሮጡ መጥተው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

"ወይኔ ወንድሜን! ሳትደርስበት! ሳትደርስበት አመለጠህ!"

የከፈትኩት አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ያን ጊዜ ገና የወንዶቹ ዝምታ ገባኝ፤ በሳህን የሚዞረው ንፍሮ ታየኝ፤ ከቤት ውስጥ የሴቶቹ እንጉርጉሮ ተሰማኝ። ልብስ ሰፊ ሆኖ ጥቁር ልብስ ያላየ ከእኔ በቀር ማን አለ? ንግግሬን ከነምራቄ ዋጥሁና "እግዜር ያጥናችሁ" አልኩ። ሁለት ቃል። ሊቀ መንበሩ ቢሰማኝ ደስ ባለው።

ሴትዮዋ የሟቹ እህት ናቸው። አልቅሰው አልቅሰው ሲበቃቸው እንባቸውን በኮቴ ኮሌታ አብሰው ወደ ቤት ተመለሱ። ሰዉም ከአገር ቤት የደረስኩ ዘመድ አድርጎ ቆጠረኝ። ወጥቼ እንዳልሄድ ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው መውጣት ነውር ነው፤ "ይቅርታ ተሳስቼ ነው" እንዳልል ሰው አስለቅሼ ጨርሻለሁ። ተቀመጥኩ። ሥጋ ሲያልም የመጣው እጄ ላይ አንድ እፍኝ ንፍሮ አረፈበት።

ያሳለፉኝ ሽማግሌ የእድሩ ዳኛ ኖረዋል። አጠገቤ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያጫውቱኝ ጀመር።

"ሟቹን ካዩት ቆዩ?"

"እንዲያው ረዘም ብሏል" አልኩ። ውሸት አይደለም፤ አይቼው ስለማላውቅ ከዚህ የሚረዝም የለም።

ሟቹ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ፒያሳ ላይ ጨርቅ ይነግድ የነበረ ሰው ነው። የተቀበረው ትናንት ነው፤ ሰልስቱ ነገ ነው። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች።

"አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለችው" አሉኝ ዳኛው። "ኳስ ተጫዋች ናት፤ የከተማችን አጥቂ። እዚህ ዛሬ አሥር ሰዓት ከናዝሬት ጋር ግጥሚያ አለ። እሷ ግን ያው፣ እቤት ፍራሽ ላይ ናት።"

ንፍሮው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሽምብራ ነው መሰለኝ።

"በግራ እግሯ ነው የምትመታው?"

"ያውቋታላ!"

"ዝናዋ... ይሰማል።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። "ልጄ ዛሬ ተረፈች!" አልኩ። የሰው ንፍሮ እየበሉ በሰው ሐዘን ደስ መሰኘት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ይቻላል፤ ሞክሬዋለሁ። ግን ብዙ አይቆይም።

"መጫወቱን ትፈልገዋለች?" አልኳቸው።

"ብትፈልግስ እንዴት ብላ ታወጣዋለች? ሐዘንተኛ በገዛ አፉ ከሐዘኔ አውጡኝ አይልም። ሰው ነው የሚለምንለት።"

"ታዲያ ምነው አትለምኑላትም?"

ዳኛው በአገጫቸው ወደ ድንኳኑ በር አመለከቱኝ። እዚያ አንድ ጠና ያለ ሰው እጁን በጉልበቱ መካከል አድርጎ ተቀምጧል። የሟቹ ወንድም፣ የልጅቷ አጎት ነው።

"ትናንት ከቀብር እንደተመለስን፣ የእግራችን አፈር ሳይራገፍ አንድ ካድሬ መጣ። 'ጓድ፣ ልጅቷ ነገ ትሰለፋለች፤ የከተማው ጉዳይ ከግል ሐዘን ይበልጣል' አለው። ሰውዬው ድሮም ኳሱን አይወደው፣ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ሆነ። 'ጉልበት ያለው ይምጣና ጎትቶ ይውሰዳት፤ እኔ በትእዛዝ ከሐዘን የወጣ ሰው አላውቅም' ብሎ መለሰለት። በዚህ ዘመን ለካድሬ እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? አሁን ለልጅቷ አፉን የሚከፍት ሁሉ የዚያ ሰው መልእክተኛ መምሰሉ ነው። ስለዚህ ዝም ብለን ንፍሮ እንቆረጥማለን።"

በዚህ መሐል የሟቹ እህት፣ የልጅቷ አክስት፣ መጥተው ክንዴን ያዙ። "ግባ እንጂ ወንድሜ፣ ልጅቷን አጽናናት" አሉኝ። ጎትተው አስገቡኝ።

ክፍሉ ሴት በሴት ነው። ልጅቷ ከግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ነጠላ አጣፍታ። ሌሎቹ ሲያለቅሱ እሷ አታለቅስም። ጎንበስ ብዬ "እግዜር ያጥናሽ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ደግማ አየችኝ።

"የበረኛዋ አባት አይደሉም?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ።

"ዓምና የጨዋታውን ዳኛ በጃንጥላ ሊመቱ ሜዳ የገቡት?"

"ልመታው አልነበረም፤ ፀሐይ በርትቶበት ላስጠልለው ነው።"

የከንፈሯ ጫፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። እንዳታጋልጠኝ በዓይኔ ስለምናት፣ እሷ ሐሳቧ ሌላ ኖሯል።

"ልጅዎ መጥታለች?"

"መጥታለች።"

"ጉልበቷ ዳነላት? እኔ ነበርኩ የገጨኋት።"

"ድኗል፤ ትዘልላለች።"

"ተመስገን" አለች።

ከዚያ እግሯን ልታጥፍ ስትል የቀሚሷ ጫፍ ከፍ አለና ሥሩ ቢጫ ካልሲ አየሁ። እስከ ጉልበት ተስቦ በላስቲክ ታስሯል። የኳስ ካልሲ ነው። ሴቶቹ ሲያለቅሱ፣ ንፍሮው ሲቀቀል፣ አጎቷ በር ላይ ሲቆጣ፣ ይቺ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ካልሲዋን አጥልቃ ተቀምጣለች። ማየቴን አየችና ቀሚሷን ሳብ አደረገች።

"አባቴ ሱቁን እየዘጋ ነበር የሚመጣልኝ" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ልጫወት አላለችም፤ ለምኑልኝም አላለችም።

ከቤቱ እስከ ድንኳኑ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ግን በዚያች መንገድ ላይ ከራሴ ጋር የተጣላሁትን ያህል ከሚስቴ ጋር በዘመናችን ሁሉ አልተጣላሁም። "አንተ ሰውዬ፣ ምን አገባህ? ንፍሮህን ብላና ውጣ። ልጅህ ዛሬ ብታሸንፍ እናቷስ ምን ያህል ደስ ይላታል!" እላለሁ። መልሼ ደግሞ "ልጅህ ከማን ጋር ተጋጥማ አሸነፈች ይባላል? ከባዶ ፍራሽ ጋር?" እላለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ስደርስ በአጎትየው ፊት ቆሜ ተገኘሁ። እግሬ ነው ያደረሰኝ፤ እኔ ገና እየተከራከርኩ ነበር።

"ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት" አልኩ።

"ይበሉ።"

"በመጀመሪያ እኔ ዘመድ አይደለሁም።"

የሚቆረጠም ሽምብራ እንኳ ዝም አለ።

"ያለቀስኩት አቧራ ገብቶብኝ ነው። ይኼ የእንግዳ መቀበያ ድንኳን መስሎኝ ነው የገባሁ። ከናዝሬት ነኝ። ዛሬ ከልጅዎ ጋር የሚጋጠመው ቡድን በረኛ ልጄ ናት።"

አጎትየው ቀስ ብሎ ተነሣ። ቁመቱ የድንኳኑን ምሰሶ ያህላል።

"አንተ! ማነው የላከህ?" አለኝ። "እርስዎ" መባሌ እዚያው ላይ አበቃ።

"ማንም አልላከኝም። የእኛ ሰዎች ይኼን መለመኔን ቢሰሙ እዚሁ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ጥለውኝ ይሄዳሉ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

"ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?"

"ልጅቷ ትጫወት ብዬ ነው። በትእዛዝ አይደለም፤ እኔ ሚስቴን እንኳ አዝዤ አላውቅም። ልለምንዎት ነው። እሷ ስትጫወት ልጄ ልትሸነፍ ትችላለች፤ ዓምናም አስለቅሳታለች። ግን ሐዘንተኛ ተቀምጣለት ያሸነፈ ቡድን ምን ብሎ ይጨፍራል? ልጄስ ዕድሜዋን ሙሉ 'ያን ቀን ያሸነፋችሁት፣ ሰው ሞቶላችሁ ነው' ስትባል ትኑር?"

"የወንድሜ መቃብር አፈሩ አልደረቀም" አለ።

"አልደረቀም።"

"ሰው ምን ይላል?"

ይህን ጊዜ አክስቲቱ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖሮ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ሰው ምን ይላል? ወንድማችን በቁሙ ሰው ምን ይላል ብሎ ያውቃል? ደንበኛ ደጅ አቁሞ፣ ሱቁን ቆልፎ አልነበረም ወይ የሚሄድላት? አንተስ ለዚሁ አልነበረም የምትጣላው?"

አጎትየው መሬት መሬት አየ። የሁለቱ ወንድማማቾች ጠብ ሳይታረቅ መቅረቱን ዳኛው ኋላ ነው የነገሩኝ። እዚያ ላይ ግን እኔ ያየሁት፣ እሺ ለማለት የሚያስችለው አንዲት ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ሰው ሲጠበው ይታወቀኛል።

"የሐዘንተኛ ቦታ ባዶ አይውልም" አለ በመጨረሻ።

"አይውልም" አለ ሰዉ።

"እንግዲያው አንተ ትቀመጥላታለህ። እሷ እስክትመለስ ከፍራሹ ንቅንቅ የለም። እንባ ታበድረን የለ፣ ቂጥም አበድረን።"

እንዲህ ያለ ወግ ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ ከዚያ ወዲህም ሽማግሌ ያገኘሁትን ሁሉ ብጠይቅ የሚያውቅ አጣሁ። ሰውዬው እዚያው ቆሞ ያበጀው ወግ ነው። አክስቲቱ ግን ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሳቁ፤ ሳቃቸውን ተከትለው ደግሞ አለቀሱ። ልጅቷ ይኼን ስትሰማ እንዴት እንደተነሣች አላየሁም። ያየሁት ጥቁር ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ፣ ቢጫ ካልሲዋ ፀሐይ ላይ እያበራ ወደ ስታዲየሙ ስትሮጥ ነው። ደጁን ስታልፍ አጎቷ ከመንገዷ ገለል አለላት።

እኔም ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። አክስቲቱ ጥቁር ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ሴቶቹ መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥለው ለመዱኝ፣ በመጨረሻ "እግርህን ሰብስብ፣ ሰው ይለፍበት" ይሉኝ ጀመር። ከገበያ የመጡ አንዲት ሴትዮ "ልጄ፣ ልጄ፣ አባት የለሽ ሆንሽ!" እያሉ ገብተው ዘለው አቀፉኝ፤ ጉንጫቸው ከጉንጬ ጋር ሲገናኝ ወደ ኋላቸው ተፈናጥረው "ኢየሱስ! ይኼ ምንድን ነው?" አሉ። "ምትክ ነኝ" አልኳቸው። አላመኑኝም፤ አክስቲቱ እስኪያስረዷቸው ድረስ ከሩቅ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ።

ስታዲየሙ ቅርብ ስለሆነ ጩኸቱ ይሰማል። ጨዋታው ሲጀመር ታወቀን። ሴቶቹ እንጉርጉሯቸውን ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረጉ፣ ዝቅ እያደረጉ፣ መጨረሻ ላይ ከንፈራቸው ብቻ ቀረ። ሁሉም ጆሮውን አቁሟል። በበሩ በኩል ሳይ አጎትየውም ከድንኳኑ ወጥቶ ፊቱን ወደ ስታዲየሙ አዙሮ ቆሟል፤ ሰው ሲያየው ምሰሶው ላይ ያለውን ገመድ የሚያጠብቅ ይመስላል። ያቺ ገመድ ያን ዕለት ሳትበጠስ መትረፏ ይገርመኛል።

ድንገት ከተማው በአንድ አፍ ጮኸ። ቆርቆሮው ሁሉ የተንቀጠቀጠ መሰለን።

"አገባን!" አሉ አክስቲቱ፤ ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ እኔን አይተው "ይቅርታ ወንድሜ" አሉኝ።

"ምንም አይደል" አልኩ። ምንም አይደለም ያለው አፌ ነው፤ ሆዴ ግን ከጎሉ ጀርባ ቆሞ ነበር። ልጄ ስትወድቅ፣ ተነሥታ ጉልበቷን ስታራግፍ፣ ኳሷን ከመረቡ ስታወጣ ይታየኛል። ሁልጊዜ እዚያ ነኝ፤ የገባባትን ሁሉ አይቼላታለሁ።

ብዙ ቆይቶ ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር ሰማን። ስታዲየሙ በሙሉ ዝም አለ። ከዚያ ጩኸት ሊነሣ ጀመረና፣ ሰው ሁሉ አፉን በአንድ ጊዜ የተያዘ ይመስል፣ መሐል ላይ ተቆረጠ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። "ምንድን ነው?" አሉኝ፤ አዋቂ መስዬአቸው። "እኔ ቁምጣ ነው የማውቀው" አልኳቸው።

ልጅቷ የተመለሰችው ፀሐይ ወደ ሐይቁ ሲያዘነብል ነው። ብቻዋን አልመጣችም። ከኋላዋ የአዋሳ ልጆች አሉ፤ ከእነሱ ኋላ ደግሞ የእኛዎቹ። ሁለቱም ቡድን አቧራ እንደለበሰ፣ ማልያው ላይ ያገኘውን ነጠላና ሻርፕ ጣል አድርጎ ለቅሶ ሊደርስ መጥቷል። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሁሉ ብድግ አሉ፤ ይኼኛው ግን ለሚገባው ነው።

አጎትየው ገመዱን እንደያዘ፣ ፊቱን ሳያዞር "ስንት ለስንት?" አለ።

"አንድ ለባዶ።"

"ማን አገባ?"

"እኔ" አለች ልጅቷ።

ሰውዬው ወደ ድንኳኑ ጨርቅ ዞሮ ቆመ። ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ማንም አልቀረበውም።

እሷ ወደ ቤት ገብታ ከፊቴ ቆመች። "ጋሼ፣ ቦታዬን" አለችኝ። ተነሣሁላት፤ እግሬ ደንዝዞ በሁለት ሴቶች ትከሻ ተደግፌ ነው የተነሣሁት። ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ጉልበቷን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችው ሁሉ ያን ጊዜ መጣ። አክስቲቱ ከጎኗ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ እንጉርጉሯቸውን እንደገና አነሡ፤ ቤቱ ወደ ለቅሶ ቤትነቱ ተመለሰ።

በዚህ መሐል ልጄ ልታጽናናት ከበሩ ገባች። መጀመሪያ ልጅቷን አየች፤ ከዚያ ጥቁር ነጠላ ተከናንቦ በሴቶች ተደግፎ የቆመውን ሰው።

"አባዬ?!"

"ቀስ በይ፣ ለቅሶ ቤት ነው።"

"ከጎሉ ጀርባ የት ጠፋህ ብዬ ጨዋታውን ሙሉ ስዞር ነበር እኮ! አላየኸኝም?"

"ሥራ ይዤ ነው።"

ልጅቷ እያለቀሰች ቀና አለች። "እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው" አለቻት። ከዚያም ልጄን በእጇ ይዛ ከአጠገቧ አስቀመጠቻትና ወደ እኔ እያየች "ፔናልቲዬን ያዘችብኝ እኮ" አለች። "በግራ እግሬ ነው የመታሁት። ማንም ይዞብኝ አያውቅም።"

ያ መሐል ላይ የተቆረጠው ጩኸት ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ልጄ አየችኝ። ፊቷ አቧራ ነው፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነገር ነው። የምትጠብቀው አባቷ የሚያደርገውን ነው፤ እኔ ከጎሉ ጀርባ ብሆን ሜዳውን አቋርጬ ገብቼ፣ ጃንጥላ ወርውሬ፣ እጄ እስኪላጥ አጨበጭብ ነበር። እጄን አነሣሁ። አክስቲቱ አዩኝ። ለቅሶ ቤት ደግሞ አይጨበጨብም። እጄን መልሼ ደረቴ ላይ አጣጠፍኩት።

"ውጭ ስንወጣ" አልኳት በሹክሹክታ።

ስንወጣ ግን መንደሩ ሁሉ የለቅሶው ጎረቤት ነው፤ እዚያም አይጨበጨብም። በማግስቱ፣ ተሸናፊዎች ነንና፣ ተሳፈርን። አውቶቡሱ ውስጥ ሻሸመኔን እንዳለፍን እጄን አነሣሁ። ልጄ ያዘችኝ። "አይሆንም። እንዲህ በወሬ አይቆጠርም። ፔናልቲ ስይዝ ቆመህ አይተህ ነው የምትከፍለኝ" አለች። እሺ አልኩ። ክረምቱ ሳይወጣ ነርስ ትምህርት ቤት ገባችና ጓንቷን ሰቀለች፤ ሌላ ፔናልቲ አልመጣም።

አሁን እሷም ጉልበቷን የሚያማት ትልቅ ሴት ሆናለች። ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር፣ ትራሴን ካስተካከለችልኝ በኋላ፣ ከበሩ ላይ ዞር ብላ "ያቺ ጭብጨባ አለችብህ" ትለኛለች።

"አለችብኝ" እላታለሁ።